ጋቢ አያሞቅም

ቢቸና፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ ለባንተአምላክ፣ ሞጣ።

እንደምን ሰነበትህ? እኔ ከዓይኔና ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። እነሱም ቢሆኑ ሰላም ይሉሃል።

ስልክ ስለማልደውል አትቀየመኝ። ባለፈው እኔ «ሃሎ» አንተ «ሃሎ» ስንባባል ቆይተን ሳንሰነባበት ተቆረጠ። ደብዳቤ መሀል ላይ አይቆረጥም። ይህን የሚያደርስልህ የእናንተው የሞጣ ነጋዴ ሳሊህ ነው። በአይሱዙው ለገበያ በመጣ ቁጥር ደጄ ላይ አቁሞ «እማማ፣ ወደ ሞጣ የሚላክ አለ?» ሳይል አያልፍም፤ አላህ ይስጠው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ኅዳር ሚካኤል የማኅበሩ ተራ የኔ እንደሆነ ታውቃለህ። ተራውን ከእናቴ ነው የወረስሁት። ታዲያ በዚህ ወር ማኅበር ላይ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጽዋው ዞሮ፣ ሁሉ ነገር በሰላም ካለቀ በኋላ የማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ሙሴው ገብረ ሕይወት፣ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ጉሮሮውን ከጠረገ ደግ ነገር አይወጣውም። «ወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ዓይንዎ ደክሟል፣ ጭስ ተከልክለዋል፣ ሰውም የለዎትም። ኅዳርን ለጎረቤትዎ ለወለተ ሥላሴ ሰጥተን እርስዎ ቢያርፉስ?» አለኝ። ይረፉ! እኔ የማርፈው ሚካኤል ራሱ ሲጠራኝ ነው እንጂ ገብረ ሕይወት ስላዘነልኝ አይደለም። በዚህ ማኅበር ደግሞ አንዴ «ይረፉ» የተባለ ሰው ተራው አይመለስለትም። ከታች ሰፈር ያለችው አሮጊት እንዲሁ ለአንድ ዓመት ትረፍ ተብላ ይኸው ዛሬ ዳር ተቀምጣ የሰው ዳቦ ትቆርሳለች። እኔ እንደዚያ ከምሆን መሬት ብትውጠኝ ይሻለኛል።

እንጀራው ይገዛል፣ ዛሬ የማይገዛ የለም። ጠላውን ጎረቤት ይጠምቅልኛል። ወጡ ግን በባለተራዋ እጅ ካልተሠራ ድግስ አይባልም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደግሞ ጭስ አጠገብ ከደረስሽ ከዓይንሽ ተሰናበቺ ብላኛለች። አንተ ስለ እሳትና ስለ ሙቀት ተምረህ፣ ጥቁር ካባ ለብሰህ የተነሣኸው ፎቶ እዚህ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። እንግዲህ የተማርኸውን አውጣና ዘዴ ፈልግልኝ።

ጠላ የሚቀዳልኝ ሰውም የለኝም። ይህን እንዲያው ለወሬው ያህል ነው ያነሣሁት።

እናት ሆና ያሳደገችህ አክስትህ፣ ይርጋነሽ።


ሞጣ፣ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለእቴቴ ይርጋነሽ፣ ቢቸና።

ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎና ጉልበትዎ የላኩት ሰላምታ ደርሶኛል። የኔም ጨጓራ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል።

ደብዳቤዎን ሳነብ ከደስታ የተነሣ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተኝ። እቴቴ፣ ወጥ የሚያበስለው እሳት አይደለም፣ ሙቀት ነው! ወጡ አንዴ በደንብ ከተንተከተከ በኋላ ከሥር የምንማግደው እንጨት ሁሉ ድስቱ በጎኑና በክዳኑ የሚያባክነውን ሙቀት ለመተካት ብቻ ነው። ቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መሙላት ማለት ነው። ታዲያ ቀዳዳውን ብንደፍነውስ?

ስለዚህ እዚህ ባለ አናጢ አንድ ሳጥን አሠርቻለሁ። ሳሊህ ያመጣልዎታል። ውስጡን የጤፍ ጭድ ሞልቼዋለሁ፤ ለድስቱ መቀመጫ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው። ከሰል ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ያቀጣጥሉ። ወጡን ክዳኑ እንደተዘጋ በደንብ ያንተክትኩት፤ ሥጋ ከሆነ ደግሞ ጨከን ብለው ብዙ ያንተክትኩት። ከዚያ ድስቱን ከነክዳኑ ሳጥኑ ውስጥ ያስገቡ፣ በጭድ የተሞላውን ትራስ ከላይ ይጫኑ፣ ሳጥኑን ይዝጉ፣ ይሂዱ። ቅዳሴ ያስቀድሱ። ሲመለሱ ወጡ ራሱን አብስሎ ይጠብቅዎታል።

እንዴት እንደሚሆን ላስረዳዎ። ጋቢ አያሞቅም። ጋቢ የርስዎኑ ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ የራሱ ሙቀት የለውም። ድንጋይ ጋቢ ቢያለብሱት አይሞቅም። በረዶ ጋቢ ቢያለብሱት እንዲያውም ቶሎ አይቀልጥም። ሳጥኑም ለድስቱ ጋቢ ነው። በዚያው ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቢያስገቡበት እንደቀዘቀዘ ያቆየዋል፤ ስለዚህ ስለ ጠላውም አይጨነቁ፣ እንደቀዘቀዘ ይቆይልዎታል።

ሌላ ደግሞ አምና የላክሁልዎ ስልክ አሁንም በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል? ያውጡት። ሳሊህ «ቅብብል» የሚባል ነገር ይጭንልዎታል። ኔትወርክ አይፈልግም፣ ዳታ አይፈልግም። የኔ ስልክ መልእክቱን አጠገቡ ላለው ስልክ ያቀብላል። ያ ሰው ግንደወይን ሲደርስ አጠገቡ ለተቀመጠው ያቀብላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሰው ኪስ ወደ ሰው ኪስ እርስዎ ዘንድ ይደርሳል። መሀል ላይ የተቀመጠ ባለቤት የለውም፣ ስለዚህ ማንም ሊዘጋው አይችልም።

እኔ ዘንድሮ ሥራ በዝቶብኛል።

ልጅዎ ባንተአምላክ።


ቢቸና፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባንተአምላክ፤ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህና ሳጥን ስታሠራ ደግሞ ልብ ይስጥህ።

ምነው አንተ ልጅ፣ ምነው! ምን ብለህ ነው እንዲህ ረዥም አድርገህ ያሠራኸው? ሳሊህና ሌላ ሰው ከአይሱዙው ላይ በሁለት በኩል ይዘው ሲያወርዱት ወለተ ሥላሴ በአጥር ላይ አየች። አዲስ እንጨት፣ የሰው ቁመት የሚያህል፣ በኔ ደጅ። «ወይኔ ይርጋዬ! ሳልሰናበትሽ!» ብላ ነጠላዋን አገልድማ መጣች። ሌሎቹም ተከተሉ። እኔ ከጓሮ ጎመን እየቀነጠስሁ ለቅሶ ሰምቼ እየሮጥሁ መጣሁና ማን እንደሞተ ሳልጠይቅ አብሬ ማልቀስ ጀመርሁ። ኋላ ወለተ ሥላሴ ቀና ስትል ፊት ለፊቷ ቆሜ እያለቀስሁ አየችኝ። ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት እናንተም ዘንድ ሞጣ ሳይሰማ አይቀርም።

«ምንድን ነው ታዲያ?» ሲሉኝ የልብስ ሳጥን ነው አልኋቸው። እውነቱን አልነግራቸውም። በበዓሉ ቀን ገብረ ሕይወት ፊት ከፍቼ አፉን አስይዘዋለሁ ብዬ ወስኛለሁ።

ግን ሳጥንህ አልሠራም። የክክ ወጥ አንተክትኬ እንዳልኸኝ አስገባሁ። በዚያው የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት መጡ። ለሳቸው አልደብቅም፤ ነገርኋቸው። «አዲስ ዕቃ ሳይጸበል እንዴት ይገለገሉበታል?» ብለው ክዳኑን ከፍተው ጠበል ረጩበት። ሳጥኑ ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ረጭተው መተው አልሆነላቸውም፤ የያዙትን ጠበል ሁሉ አፈሰሱበት። እኔ የእውነት ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ወጡ እንደ ምንጭ ውኃ ቀዝቅዟል፣ ክኩ ጥርስ ይሰብራል። አባ ወልደ ሰንበት አዘኑ። አንድ ሳጥን ትኩሱንም ትኩስ፣ ቀዝቃዛውንም ቀዝቃዛ ያደርጋል ማለትህን ስነግራቸው ደግሞ «ይህ ሳጥን እምነት የለውም ማለት ነው» አሉ።

ጋቢ አያሞቅም ብለህ ነው ለሰው ልጅ የምታስተምረው? ወላጆቻቸው ሰምተው ዝም ይላሉ?

ስልኩን አውጥቻለሁ። ሳሊህ ነካክቶ «ይጠብቁ» አለኝ። እየጠበቅሁ ነው። አንድም ነገር አልመጣም። መሀል ላይ ባለቤት የሌለው ነገር ሲዘገይ ሰው ማን ላይ ይጮኻል?

የጻፍሁልህ ደግሞ ስለ ጠላው መቀዝቀዝ አልነበረም። ሳጥኑ ጠላ ይቀዳል ወይ?

አክስትህ ይርጋነሽ።


ሞጣ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ ይርጋነሽ፤ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ሳጥኑን ግን በሌላ ጊዜ አሳጥረዋለሁ።

ሁለት ድስት ጎን ለጎን እንዲይዝ ብዬ ነበር። የለቅሶውን ነገር ለባልደረቦቼ አንብቤላቸው የሂሳብ አስተማሪው እስከ ዛሬ በየመሀሉ ብቻውን ይስቃል።

ችግሩ ገብቶኛል። የጭዱ ጥቅም ራሱ ጭዱ አይደለም፣ በጭዱ መሀል ታስሮ የተቀመጠው አየር ነው። አየር ከታሰረ ሙቀት አያሳልፍም። ጭዱ ሲርስ ግን አየሩ በነበረበት ውኃ ይገባል፣ ውኃው ሙቀቱን እየተቀበለ ያስወጣዋል። ርጥብ ጋቢ ደርቦ ደጅ እንደ መቆም ነው። ጭዱን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ ደረቅ ቅጠል ሲረግጡት እንደሚንኮሻኮሸው ካልተንኮሻኮሸ አይመልሱት።

ጠበሉን አይከልክሉ፣ አባን አስቀይሜ የት እገባለሁ? ግን ክዳኑ እንደተዘጋ ከውጭ ይርጩት። በረከት በእንጨት ያልፋል፤ የማያልፈው ሙቀት ነው። አንድ ሌላ ነገር አደራ፦ ደረሰ አልደረሰ ብለው እየከፈቱ እንዳያዩት። በከፈቱ ቁጥር እንፋሎቱ ይዞት የነበረውን ሙቀት ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

በስልኩ ብዙ መልእክት ልኬያለሁ፤ አልደረሰዎትም? መንገድ ላይ ናቸው።

ኅዳር ላይ ፈተና አለብን። ጠላ የሚቀዳ ሰው ደግሞ በናንተ ሰፈር አይጠፋም።

ልጅዎ ባንተአምላክ።


ቢቸና፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባንተአምላክ። ሰላምታዬን ካለፈው ደብዳቤ ላይ ፈልገህ አንብብ፣ ዛሬ ተናድጃለሁ።

በገበያው ቀን የሳሊህ መኪና ደጄ ላይ እንደቆመች ያ ስልክ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸ። ድመቷ ከቤት ወጥታ ሄደች። መነጽሬን አድርጌ ባነብ የመጀመሪያው «እሺ፣ እንግዲያው እንደገና ያድርቁት» ይላል። ምኑን? ቀጥሎ «አይዞዎት፣ የመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ነው» ይላል። ቀጥሎ «ለምን አይመልሱልኝም?» ይላል። መጨረሻ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እቴቴ፣ እንኳን ደስ አለዎ፣ ይህ የመጀመሪያ መልእክቴ ነው።» ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስታናግረኝ ዋልህ።

ይህስ ይሁን። ካንተ መልእክት ሥር ሌሎች ሰዎች አሉ! «እማማ፣ የኔሰው ነኝ፣ የሞጣና የቢቸና መስመር ሹፌር፣ ጭዱን ሲያሰጡ ከዶሮ ይጠብቁት።» «እማማ፣ ዘሚራ ነኝ፣ የሳሊህ ባለቤት፣ እኛ በረመዳን ሾርባውን በብርድ ልብስ እንጠቀልላለን፣ ድስቱን መጀመሪያ በጨርቅ ይጠቅልሉት።» አንድ ስሙን ያልጻፈ የደብረ ወርቅ ሰው ደግሞ «ዓይንዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ፣ ገብረ ሕይወት የሚሉትን አይስሟቸው። ዝክሩ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ይላል። ስንት ሰዓት ላይ ነው! ገመናዬን ከሞጣ እስከ ቢቸና መንገዱን ሙሉ አሰጣኸው እኮ!

በል አሁን ንዴቴ ስለወጣልኝ ደስታዬን ልንገርህ። ጭዱን አደረቅሁ፤ ከዶሮም ጠበቅሁ። ያቺ ዘሚራ እንዳለችው ድስቱን በጨርቅ ጠቀለልሁ። አባ ወልደ ሰንበት ከውጭ በኩል ረጩት፤ «ልጅሽ ይህን በደንብ አስቦታል» አሉ። ቅዳሴ ሄጄ፣ ልቤ ሳጥኑ ጋ ስለቀረ ስለ ቅዳሴው አትጠይቀኝ፣ ተመልሼ ስከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ክኩ ቅቤ ሆኗል! ብቻዬን ቆሜ እልል አልሁ። ኋላ ወለተ ሥላሴ እንዳትሰማ አፌን በእጄ ያዝሁ። አንጀቴን አራስኸው፤ አንተም አንጀትህ ይራስ።

የምትሸሸውን ነገር ደግሞ አውቃለሁ። ሥራ በዛብኝ፣ ፈተና አለብኝ ትላለህ፣ አንተ ግን የፈራኸው «መቼ ነው የምታገባው?» እንዳይሉህ ነው። ይሉሃል። አልዋሽህም። እኔንም «መቼ ነው የሚሞቱት?» ብለው በዓይናቸው ይጠይቁኛል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ዳቦዬን እበላለሁ።

አክስትህ ይርጋነሽ።


ሞጣ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ ይርጋነሽ፤ ንዴትዎ እንደወጣልዎ ደስታዎም እንዲሰነብት ምኞቴ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። መልእክት ሲላክ «ለአንድ ሰው» እና «ለሁሉም» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። እኔ «ለሁሉም»ን ነክቼ ኖሯል። አሁን አስተካክያለሁ፤ ከእንግዲህ የሚሸከሙት ሰዎች ተሸክመው ያልፋሉ እንጂ ማንበብ አይችሉም። መልእክቶቹ ቅደም ተከተል የሌላቸው ግን በየራሳቸው መንገድ ስለሚመጡ ነው። አንዱ ቀጥታ መኪና ያገኛል፣ ሌላው ገበያ ለገበያ ሲዞር ይሰነብታል።

ስለ ሳጥኑ እንዴት እንደተደሰትሁ! ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። ለበዓሉ እንዲረዳዎ ቴርሞሜትር ልኬያለሁ፤ ወጡን ሲያስገቡና ሲያወጡ ይለኩት።

ስለ ሌላው ነገር አልዋሽዎትም። ባለፈው ፋሲካ ጋሽ ገብረ ሕይወት ሰው በተሰበሰበበት ፀጉሬን አገላብጠው አይተው «ይህ እኮ ሸበተ! ሙሽራ ነው ወይስ ሚዜ የምናደርገው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እርስዎም ሳቁ፣ አይቻለሁ። ዘንድሮ ይለፈኝ፤ እባክዎ። ልቤ ግን ከርስዎ ጋር ነው።

ልጅዎ ባንተአምላክ።


ቢቸና፣ ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባንተአምላክ፣

ቴርሞሜትሩ ደርሶኛል። ብብቴ ውስጥ አድርጌ ለካሁት። አልሞትሁም።

አሁን ጠማማውን ትቼ ቀጥ አድርጌ ልንገርህ። በኛ ማኅበር ጽዋውን ተሸክሞ ለማኅበርተኛው የሚያዞረው፣ ጠላውን የሚቀዳው፣ የቤቱ ሰው ነው። ጎረቤት አይቀዳም። የቤት ሰው የሌለው ቤት ተራ አይሰጠውም። ገብረ ሕይወት «ሰውም የለዎትም» ያለኝ ይህን ነው፤ ዓይኔንና ጭሱን ያነሣው ለማለሳለስ ነው። አንተ ልጅ ሳለህ ያቺን ማንቆርቆሪያ ይዘህ ስትዞር ያላየህ ሰው የለም፤ ረስተኸው ነው?

ወጡ የብልሃት ነገር ስለሆነ ብልሃት ጠየቅሁህ። ሰጠኸኝ፣ እግዜር ይስጥህ። ሰው ግን አፍሬ ሳልጠይቅህ ቀረሁ። በየደብዳቤው ጥግ ጥጉን ጣል ሳደርግልህ ሳጥን ትልክልኛለህ፣ ስልክ ትልክልኛለህ፣ ይህን የመስታወት እንጨት ትልክልኛለህ። ልብህን ደግሞ አትላክልኝ፤ ልብ ጠላ አይቀዳም። በመሳቄ ይቅር በለኝ፤ አሳቀኝ።

ና። ባትመጣ አልቀየምም ብዬ ልጽፍ ነበር። እቀየማለሁ።

ይርጋነሽ።


ሞጣ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ ይርጋነሽ፤ እንደምን ከረሙ? ከድግሱ ድካም ወጡ?

ያንን ደብዳቤ ሳሊህ የሰጠኝ በዋዜማው ከክፍል ስወጣ ነው። ቆሜ አነበብሁት። መልስ ብጽፍ ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል፤ ስለዚህ ለዳይሬክተሩ «አክስቴ በጠና ታመዋል» ብዬ አስፈቅጄ ወደ መናኸሪያ ሮጥሁ። በማሟረቴ ይቅር ይበሉኝ። የተሳፈርሁት ሚኒባስ ሹፌር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የኔሰው። ስሜን ሲሰማ «የእማማ ሳጥን!» ብሎ ገንዘቤን አልቀበልም አለ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ጎማችን ፈነዳና እዚያው አደርን። ለዚህ ነው ጠዋት የደረስሁት፣ ለዚህም ነው ተሳፋሪው ሁሉ ተከትሎኝ የገባው፤ ጎማ ሲቀየር የርስዎን ነገር ሰምተው «የበዓሉን ዳቦ ሳንቀምስማ አናልፍም» አሉ። አንዱ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ዝክሩ ስንት ሰዓት ላይ ነው ብሎ የጠየቀው ነው። አሁንም በጥድፊያ ላይ ስለነበረ ስሙን አልነገረኝም።

አሁን እርስዎ ያላዩትን ልንገርዎ። እኔ ስደርስ እርስዎ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም ነበር። ከአጥሩ ጀርባ እቴ ወለተ ሥላሴና ሌሎቹ ሴቶች በነጠላቸው ሥር አንድ አንድ ድስት ይዘው ተኮልኩለዋል። «ከትናንት ጀምሮ ከዚህ ቤት ጭስ የሚባል አልወጣም» ይላሉ። «ምንም አላሰናዳችም። ሰው መጥቶ ባዶ ገበታ ቢያይ ይህች ሴትዮ በእፍረት ትሞታለች።» እቴ ወለተ ሥላሴ ታለቅሳለች። በጓሮ በር ሾልከው ድስቶቹን ጓዳ አስቀምጠው፣ ማን እንዳመጣው ሳይታወቅ ሊወጡ ነበር። እኔን ሲያዩ ደነገጡ። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ሳጥን ሙሉ የበግ ወጥ እየበሰለ መሆኑን አውቃለሁ። ብናገር ምስጢርዎን አወጣሁ። ዝም ብል ድስቶቹ ሊገቡ ነው። ምን ላድርግ? ድስቶቹን ተቀብዬ ራሴ ጓዳ አስገባኋቸው። ለማንም እንዳልናገር በሚካኤል አስማሉኝ፤ ይኸው ለርስዎ ተናገርሁ።

ሌላም አምልጦዎታል። ሳጥኑን ሲከፍቱ እርስዎ ያዩት ድስቱን ነው፣ እኔ ያየሁት ጋሽ ገብረ ሕይወትን ነው። አጎንብሰው «የልብስ ሳጥን አይደለም እንዴ?» ሲሉ እንፋሎቱ ወጥቶ መነጽራቸውን ሸፈነው። መነጽራቸውን ሳያወልቁ፣ ምንም ሳያዩ፣ «ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ» እያሉ ቆሙ። እቴ ወለተ ሥላሴ ወደ ጓዳው አየች፣ ወደኔ አየች፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው አየች።

ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ስለገባ የሳጥኑ ወጥ ቶሎ አለቀ። ለሳሊህ ብለው በአዲስ ድስት ለብቻው ያስቀመጡለት የክክ ወጥ እንኳ ተነካበት፤ እሱ ግን በዳቦና በሻይ ጠግቤያለሁ ብሎ ማለ። ያኔ ነው እኔ ከጓዳ ሌላ ድስት፣ ቀጥሎም ሌላ ድስት ማውጣት የጀመርሁት። አባ ወልደ ሰንበት «በረከት ነው» ሲሉ እርስዎም አሜን ሲሉ ሰማሁ። በረከት ነው፤ የማን እንደሆነ ግን ይወቁልኝ ብዬ ነው።

ስለ ማግባቱ ጋሽ ገብረ ሕይወት አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ጠላ ሞላሁላቸው። ጥያቄውን ሳይጨርሱ ወደ ቤታቸው ተሸኙ።

ስወጣ ያለበሱኝን ጋቢ ሌሊት ሌሊት እየደረብሁት ነው። ስለሱ ፊዚክስ አላወራም።

ልጅዎ ባንተአምላክ።


ቢቸና፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለባንተአምላክ።

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለየኔሰው፣ ሰላም ለዘሚራ፣ ለዚያም ስሙ ለማይታወቀው ባለ ኮፍያ። ሰላምታ ስጽፍ አሁን መንገዱን ሙሉ ማዳረስ ሆኗል ሥራዬ።

የማላውቅ መስሎህ ነው? ጓዳዬ ነው እኮ! ገና ስገባ የወለተ ሥላሴን ድስት እጀታው በሽቦ ታስሮ አየሁት። ወጧንም ሳልቀምሰው አውቀዋለሁ፤ ኮረሪማ ታበዛለች። መጀመሪያ ተናደድሁ። ይህን ሁሉ ደክሜ፣ ሳጥን አሠርቼ፣ አቅመ ቢስ አይደለሁም ብዬ፣ እነሱ ደግሞ ጭስ አላየንም ብለው! ኋላ አንተን አየሁህ፣ ማንቆርቆሪያውን ይዘህ፣ ድሮ እንደምታደርገው ምላስህን በጥርስህ ነክሰህ ስትቀዳ፣ ንዴቴ የት እንደገባ አላወቅሁም። አሜን ያልሁት አውቄ ነው። እነሱ እንደማላውቅ ይወቁ፣ አንተም ዝም በል። ድስቶቹን ባዶአቸውን አልመለስሁም፤ በሳጥኑ ያበሰልሁትን የጾም ምስር ሞልቼ በየደጃቸው አስቀምጬ መጣሁ፤ ማን እንዳስቀመጠው ያላወቁ መሰሉ። ወለተ ሥላሴ ትናንት መጥታ «ያንን የልብስ ሳጥን የሠራ ሰው ለኔም ይሥራልኝ፣ አጠር ያለ ይሁን» አለችኝ።

ከሄድህ በኋላ ገብረ ሕይወትም መጣ። እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኅዳር የርስዎ ነው፣ የሚነካው የለም» አለኝ። «ሰው አለዎት።» ሳጥን አለዎት አላለም፣ ልብ በል። እሱ ሲወጣ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ጭስ አይደለም፣ ለነርሷም እንዲህ ብዬ ነገርኋት።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ትናንት አመሻሽ ላይ በሩን ልቀረቅር ስል ያ ስልክ ጮኸ። መነጽሬን አድርጌ አነበብሁት። ካንተ ነው። «እቴቴ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ዛሬ ማታ እገባለሁ። በሩን አይቀርቅሩብኝ» ይላል። የዚያን የዋዜማውን ዕለት የላክኸው ነው። እኔ አንተን አብልቼ፣ አልብሼ፣ ሸኝቼ፣ እሱ ገና ገበያ ለገበያ ሲዞር ሰንብቶ መድረሱ ነው።

መጥተህ እንደሄድህ አውቃለሁ፤ ጽዋውን ይዘህ ስትዞር ሰው ሁሉ አይቶሃል። ግን ይህን ያህል ሲንከራተት፣ በማላውቀው ሰው ሁሉ ኪስ አልፎ የመጣ ልጅ «በሩን አይቀርቅሩብኝ» ሲለኝ እንዴት ብዬ ልቀርቅር? መቀርቀሪያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተኛሁ። የኅዳር ብርድ ሌሊቱን ሙሉ በበሩ ሲገባ አደረ። ጋቢዬን ደርቤ ነበርና ሞቆኝ ነው ያደርሁት፤ አንተ የፈለግኸውን አስተምር።

አክስትህ ይርጋነሽ።